የትኛው ሽጉጥ ይበልጣል? ወይስ ጥይቱ የት ይቆማል?

ጭሮ ውስጥ (አሰበ ተፈሪ ማለቱን ያልተውን ብዙዎች ነን) ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተደጋግመው ከሚነሡ ክርክሮች አንዱ የሽጉጥ ክርክር ነው። አንዱ «ማካሮቭን የሚያክል የለም» ይላል። ሌላው «ኧረ ተወኝ! ኮልት ከመታህ እኮ መሬት ላይ ነው የሚዘረጋህ» ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ስታር ይሻላል ባይ ነው። ክርክሩ ለጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሂርና ጫት ጭነው ሌሊት የሚጓዙ፣ ገንዘብ ይዘው የሚያድሩ ነጋዴዎች አሉ። ከእነሱ መካከል «ፈቃድ አውጥቼ ራሴን መጠበቂያ አንድ ሽጉጥ ልያዝ» ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው የእውነት ጥያቄ ነው።

ይህች ጽሑፍ መሣሪያ ያዙ ወይም አትያዙ ለማለት አልተዘጋጀችም። ዓላማዋ የሽጉጥ ጥይቶች በምን በምን እንደሚለያዩ ማስረዳትና ክርክሩ ውስጥ የሚረሳ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ጥያቄውን ያገኘሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ነው።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ሌሊት ጎረቤታችን «ሌባ ገባ» ብለው በማካሮቭ አንድ ጥይት ተኮሱ። ሌባ የተባለው ጅብ ነበር። ጥይቱ የእሳቸውን የቆርቆሮ በር በሳ። ግቢያችንን አቋረጠ። የቤታችንን የጭቃ ግድግዳ ምርጊቱ በረገፈበት በኩል አልፎ እናቴ ልብስ የምታስቀምጥበት የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቀረቀረ። እኔና ታናሽ እህቴ ከሣጥኑ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተኝተን ነበር። በማግሥቱ ሽማግሌ ተቀምጦ ይቅር ተባባልን። ጎረቤታችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዛሬም እንደ አባት ነው የማያቸው። ያቺን እርሳስ ግን እናቴ እስካሁን በአሮጌ የስኳር ዕቃ ውስጥ አስቀምጣታለች። ሁሌም የሚገርመኝ ይህን ሁሉ አልፋ ጫፏ እንኳን አለመጣመሙ ነው።

ለምን አልተጣመመም? መልሱን ለማግኘት ከመጀመሪያው እንነሣ።

ስሞቹ ከየት መጡ?

መሣሪያ ለጨርጨር አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ ከታጁራ አምጥቶ ለያኔው ንጉሥ ምኒልክ ሸጧል። ከእንጦጦ ወደ ሐረር የተመለሰውም በዚሁ በእኛ በጨርጨር በኩል ነበር። አሰበ ተፈሪን ያቋቋሙት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ሩሲያ ውስጥ በመድፈኛ መኮንንነት የሠለጠኑ ሰው ነበሩ።

የመሣሪያዎቻችን ስሞችም ይህንኑ ታሪክ ይናገራሉ። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው። ኮልትን የመሳሰሉ የአሜሪካ መሣሪያዎች በተለይ የበዙት በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ከተፈረመው ወታደራዊ ስምምነት በኋላ ነው። ማካሮቭ የሶቪየት ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1951 የተቀበለው ሽጉጥ ሲሆን ወደ እኛ የገባው በደርግ ዘመን ከሶቪየት መሣሪያ ጋር ነው። ስታር ደግሞ የስፔን ፋብሪካ ስም ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ስሕተት ይታያል። ስታር የፋብሪካ ስም እንጂ የጥይት ዓይነት አይደለም። ፋብሪካው እስከተዘጋበት እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የተለያየ ጥይት የሚጎርሱ ሽጉጦችን ሠርቷል። ኮልትም እንዲሁ ነው። «ማካሮቭ ወይስ ስታር?» ብሎ መከራከር «አይሱዙ ወይስ ናፍጣ?» ብሎ እንደመከራከር ነው። መወዳደር ያለበት ጥይቱ ነው።

ለመሆኑ ጥይት ምንድን ነው?

በተለምዶ ጥይት የምንለው አራት ነገሮች አንድ ላይ ተገጥመው ነው። ቀለሁ ከነሐስ ወይም ከብረት የሚሠራው ቀፎ ነው። ከቂጡ ላይ ሲመታ እሳት የሚጭር መለኮሻ አለ። ውስጡ ባሩድ አለ። ከፊቱ ደግሞ ተወንጫፊው እርሳስ፣ ማለትም አረሩ አለ። ቃታ ሲሳብ መለኮሻው ባሩዱን ያነደዋል፤ ባሩዱ ወደ ጋዝ ይለወጣል፤ ጋዙ አረሩን በአፈሙዙ ውስጥ ይገፋዋል። ቀለሁ እዚያው ይወድቃል፤ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው።

ካሊበር የምንለው የአፈሙዙ ወይም የአረሩ ውፍረት ነው። በጥይት ካርቶን ላይ «9 በ18» የሚል ስናይ የመጀመሪያው ቁጥር ውፍረቱን፣ ሁለተኛው የቀለሁን ርዝመት በሚሊ ሜትር ይነግረናል። ታዲያ ውፍረት ማለት ኃይል ማለት ነው? አይደለም። ክላሽ የሚጎርሰው 7.62 ነው። ቶካሬቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥም 7.62 ነው። ነገር ግን የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር፣ የሽጉጡ 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። ብዙ ባሩድ የሚይዘው የክላሹ ጥይት የሽጉጡን አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይወጣል።

ሽጉጥ የሚለው ቃል ራሱ «ሸጎጠ» ከሚለው የመጣ ነው። በወገብ፣ በብብት የሚሸጎጥ ማለት ነው። ለመሸጎጥ ሲባል አፈሙዙ አጠረ፣ ባሩዱ አነሰ። ስለዚህ የትኛውም የተለመደ የኪስ ሽጉጥ ከጠመንጃ ጋር ሲተያይ ደካማ ነው።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

የአንድ አረር ጉልበት የሚለካው በጁል ነው። ስሌቱ በፊዚክስ የተማርነው ነው፤ ክብደቱን በፍጥነቱ ካሬ አባዝተን ለሁለት እናካፍላለን። በፋብሪካና በአፈሙዝ ርዝመት ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢልም አማካዩ የሚከተለውን ይመስላል።

1. 7.65 ብራውኒንግ፦ አረሩ 4.6 ግራም ገደማ ነው። በሰከንድ 280 ሜትር ያህል ይሄዳል። ጉልበቱ 180 ጁል አካባቢ ነው። በትንንሽ የኪስ ሽጉጦች ይገኛል።

2. 9 በ17 (9 አጭር)፦ 6.2 ግራም፣ 290 ሜትር በሰከንድ፣ 260 ጁል አካባቢ። የጣሊያን መኮንኖች ይታጠቁት የነበረው የ1934 ሞዴል ቤሬታ የሚጎርሰው ይህንን ነው።

3. 9 በ18 (ማካሮቭ)፦ 6 ግራም፣ 315 ሜትር በሰከንድ፣ 300 ጁል ገደማ።

4. 9 በ19 (ፓራቤለም)፦ ከ7.5 እስከ 8 ግራም፣ 350 ሜትር በሰከንድና ከዚያ በላይ፣ 490 ጁል ገደማ። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ሠራዊትና ፖሊስ የሚጠቀምበት ነው።

5. 7.62 በ25 (ቶካሬቭ)፦ 5.5 ግራም፣ 430 ሜትር በሰከንድ፣ 500 ጁል ገደማ።

6. 11.43 (ካሊበር 45፣ ባለ 1911 ሞዴሉ ኮልት)፦ 15 ግራም ያህል፣ 260 ሜትር በሰከንድ፣ 500 ጁል ገደማ።

ለማነጻጸር ያህል የክላሽ ጥይት 8 ግራም ያህል ነው፤ በሰከንድ 715 ሜትር ይሄዳል። ጉልበቱ 2 ሺህ ጁል ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በጉልበት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ኮልት ወፍራም ሆኖ ይዘገያል፤ ቶካሬቭ ቀጭን ሆኖ ይፈጥናል። ማካሮቭ ከሦስቱ ያንሳል፤ ነገር ግን 300 ጁል ማለት 30 ኪሎ ጆንያ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚፈጅ ጉልበት ነው። ያ ሁሉ በአንዲት የጣት ጫፍ በምታክል ነገር ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። «ማካሮቭ ምን አላት» ብሎ የሚንቃት ሰው የእናቴን ሣጥን ይይ።

ሌላም ነገር አለ። «ኮልት ይዘረጋሃል» የሚለው ወሬ ከፊልም የመጣ ነው። ኒውተን እንዳለው ለእያንዳንዱ ግፊት እኩል የሆነ ተቃራኒ ግፊት አለ። አረሩ ተመቺውን የሚወረውር ቢሆን ኖሮ ተኳሹንም ወደ ኋላ በወረወረው ነበር። የሽጉጥ ጥይት የሚጎዳው በመንገዱ ያገኘውን የሰውነት ክፍል በመብሳት ነው። ስለዚህ ከካሊበሩ ይልቅ የሚወስነው የት እንዳረፈና ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ነው።

በዚህ ጉዳይ አሜሪካኖችም ብዙ ተወዛግበዋል። ሠራዊታቸው በፊሊፒንስ ጦርነት ካሊበር 38 ሪቮልቨር ደካማ ሆነብኝ ብሎ እ.ኤ.አ. በ1911 ወደ ካሊበር 45 ገባ። በ1985 ደግሞ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ዞረ። ኤፍ.ቢ.አይ. በሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት ባልደረቦቹ ተገደሉበት። ከወንጀለኞቹ አንዱን የመታው 9 ሚሊ ሜትር ጥይት ልቡ ጋ ሳይደርስ ስለቆመ ጥፋቱን በጥይቱ ላይ አድርጎ ወደ ወፍራሞቹ ሄደ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ግን የአረር አሠራር ስለተሻሻለ ተመልሶ 9 ሚሊ ሜትር ያዘ። ያ ሁሉ ገንዘብና ላቦራቶሪ ያለው ድርጅት ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ከተገኘ እኛ በርጫ ላይ ባንስማማ አይፈረድብንም።

የአረሩ አፍንጫ

ወደ ስኳር ዕቃዋ እንመለስ። የእናቴ እርሳስ ያልተጣመመችው በጠንካራ ሽፋን የተሸፈነች ስለሆነች ነው። የጦር ሠራዊት ጥይት እርሳሱ በመዳብ ቅይጥ ወይም በስስ ብረት ይለበጣል። እንዲህ ዓይነቱ አረር ቅርጹን ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ቢመታም በስቶ ሊወጣ ይችላል።

ሌላው ዓይነት አፍንጫው የተቦረቦረ ነው። ሰውነት ሲያገኝ እንደ አበባ ይከፈታል። ቁስሉ ይሰፋል፤ አረሩ ግን ጉልበቱን ቶሎ ይጨርስና አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። የዚህ ቅድመ አያት «ዱምዱም» የሚባለው ጥይት ሲሆን ስሙን ያገኘው ሕንድ ውስጥ ካልካታ አጠገብ ካለው የእንግሊዞች መሣሪያ ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሔግ ላይ በወጣ ስምምነት በሰውነት ውስጥ የሚከፈት ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ተከለከለ።

ይህ ነገር እኛንም ነክቶናል። በ1928ቱ ወረራ ጣሊያን «ኢትዮጵያውያን ዱምዱም ይተኩሱብናል» ብላ ለመንግሥታት ማኅበር ከሰሰች። እሷ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል የተከለከለውን የመርዝ ጋዝ በአውሮፕላን እየረጨች! የአሰበ ተፈሪው ተክለ ሐዋርያት በ1935 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ለኢትዮጵያ የተከራከሩት በዚሁ ማኅበር ፊት ነበር።

የሚገርመው በጦርነት የተከለከለውን ዓይነት አረር በብዙ አገር ፖሊሶች ከተማ ውስጥ ይታጠቁታል። ምክንያታቸው የታለመለትን ሰው አልፎ ከኋላ ያለውን መንገደኛ እንዳይመታ ነው። ይህም ቢሆን ፍጹም አይደለም፤ ሰው ካልመታ የትም ይሄዳል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ለጦር ሜዳ የተሠራው ባለ ሽፋኑ ጥይት ነው። ለጦር ሜዳ የታሰበ ጥይት መንደር ውስጥ ሲተኮስ ምን ይሆናል?

ግድግዳችንስ?

ስለ ሽጉጥ የሚጻፉ የውጭ ጽሑፎች ሰለባውን እንጂ ግድግዳውን እንደ እኛ አያውቁትም። የከተሞቻችንን ቤቶች አስቡ። በሩ ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ከላይ ከዘረዘርኳቸው ጥይቶች ደካማውን እንኳን ቆርቆሮ አያቆመውም። ግድግዳው በእንጨትና በማገር ላይ የተመረገ ጭቃ ነው። ወፍራምና ያልተሰነጠቀ ከሆነ ሊያስቆም ይችላል። ዝናብ የበላው፣ ምርጊቱ የረገፈ ከሆነ ያልፋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ቤቶቹ ተጠጋግተዋል፤ ሰው የሚተኛው ግድግዳ ሥር ነው። በጨለማ የተተኮሰ ጥይት ሌባውን ከሳተ (ብዙ ጊዜም ይስታል፣ ምክንያቱም እጅ ይንቀጠቀጣል) ቀጣዩ የሚያገኘው ነገር የጎረቤት ግድግዳ ነው።

ወደ ላይ መተኮስም ሰላም አይደለም። በሠርግና በለቅሶ ለክብር የሚተኮሰው ጥይት ተመልሶ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1920 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ሙከራ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ የተተኮሰ የጠመንጃ አረር በሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይዞ ሲወርድ ተለክቷል። ይህ ደግሞ የራስ ቅል ለመብሳት ይበቃል። ዘወር ብሎ የተተኮሰው ከዚህም በበለጠ ፍጥነት ይወርዳል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እና ምን ይሁን? ሌባ ሲመጣ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌሊት ብቻውን በሩ የሚንኳኳበት ሰው ፍርሃቱ የውሸት አይደለም። ነገር ግን «የትኛው ካሊበር ያድነኛል?» ከማለቱ በፊት «ከበሬ ፊት ለፊት ማን ይተኛል? ከመስኮቴ ባሻገር የማን ግድግዳ አለ?» ብሎ በቀን፣ በብርሃን ቢያይ ሁሉንም ካሊበር የሚያክል እውቀት ያገኛል። ጠንካራ መዝጊያ፣ መብራት፣ የሚጮኽ ውሻና የሚነቃ ጎረቤት ደግሞ ግድግዳ አይበሱም።

ሕጉስ ምን ይላል?

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን ከሕገ ወጥ ጥቃት መከላከልን ይፈቅዳል። ጥቃቱ የተቃረበ ወይም የተጀመረ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል፣ መከላከሉም ከጥቃቱ ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። ከመጠን ማለፍ በአንቀጽ 79 ለብቻው ተደንግጓል። ሌባ መስሎኝ ብሎ ጨለማ ላይ መተኮስና በቸልተኝነት ሰው መግደል ግን የሚያስከስስ ነገር ነው። ጎረቤታችን ያን ሌሊት ከእስር ያዳናቸው ሕግ አዋቂነታቸው ሳይሆን የእናቴ ሣጥን ነው።

ለእኛ ለዜና ሰዎች

ዜና ላይ «አንድ ሽጉጥ ከ20 ጥይት ጋር ተያዘ» ብለን እንጨርሳለን። የምን ጥይት? «9 ሚሊ ሜትር» ማለትም አይበቃም። 9 በ17፣ 9 በ18 እና 9 በ19 የተለያዩ ናቸው፤ የማካሮቭ አረር በትክክል ሲለካማ ከ9.2 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. «ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ» የሚል ዜና ሳንሰማ የምንውልበት ሳምንት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቱርክ ሠራሽ ከሆኑት መካከል ግን ሲፈጠሩ ለድምፅ ብቻ የታሰቡና በኋላ በሕገ ወጥ መንገድ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተለወጡ አሉ። ብረታቸው ለዚያ ግፊት ስላልተሠራ የያዛቸው ሰው እጅ ላይ ሊፈነዱ ይችላሉ። ይህን ለአንባቢ መንገር ቁጥር ከመቁጠር ይበልጣል። ሰው በጥይት ተመታ ሲባልም የተኳሹን ስም ብቻ ሳይሆን ጥይቱ ከየት ተነሥቶ በምን በኩል እንዳለፈ መጠየቅ የእኛ ሥራ ነው።

ማጠቃለያ

ለክርክሩ መልስ ስጥ ከተባልኩ፣ በጉልበት ኮልት፣ ቶካሬቭና ፓራቤለም ተቀራራቢ ናቸው፤ ማካሮቭ ከእነሱ ያንሳል፤ ትንንሾቹ ከማካሮቭ ያንሳሉ። ሁሉም ይገድላሉ። ሁሉም ቆርቆሮ ይበሳሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ከአፈሙዝ የወጣውም ተኳሹ የሚያዝበት አይደለም።

ዘንድሮ ለእረፍት ቤት ስሄድ ያቺን እርሳስ አውጥቼ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዘንኳት። ስድስት ግራም ናት። እናቴ «ምን ልታደርጋት ነው?» ስትለኝ «ልጽፍባት» አልኳት። «እህትህ የት ተኝታ እንደነበር አትርሳ» አለችኝና መልሳ ከስኳር ዕቃው ውስጥ ከተተቻት።